በሞቴ የማይባልበት ቦታ

በእኛ አገር አንድ ጥያቄ ብቻውን ጥያቄ አይደለም፤ የጥያቄ መጀመሪያ ነው። ሰው ቤት ሄዳችሁ «ምሳ በላህ?» ስትባሉ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «በልቻለሁ» ነው። መብላት አለመብላታችሁ ከመልሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጠያቂዋም አታምናችሁም፤ እንዳታምናችሁ ብላችሁም ነው የመለሳችሁት። ደግማ ትጠይቃለች። «ኧረ በልቻለሁ» ትላላችሁ፣ ግን ድምፃችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ። ከዚያ «በሞቴ!» ይመጣል። በሞቴ ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት ሴትየዋን በቁሟ እንደ መቅበር ስለሆነ፣ እየተግደረደራችሁ ወደ ሳህኑ ጠጋ ትላላችሁ። ሕጉ ይህ ነው። የትም አልተጻፈም፣ ግን ከአምቦ እስከ ጌዶ የማያውቀው የለም። በአፋን ኦሮሞ ብትጠየቁም ያው ነው፤ እናንተ «ላኪ፣ ላኪ» እያላችሁ እምቢ ትላላችሁ፣ እነሱ «ማሎ፣ ማሎ» እያሉ ይለምኗችኋል። ሆድ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ይጮኻል።

እኔ ይህን ሕግ ከማንም በላይ አከብራለሁ። ዓይን አፋር ነኝ። የሰፈራችን እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «ምናለ እንደ ሮባ ብትሆኑ!» ይላሉ። ሮባ እኔ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ስለምሄድ ጎረቤቶቼን ከፊታቸው ይልቅ በጫማቸው ነው የማውቃቸው። ይህ ጨዋነት ይባላል። ጨዋነት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የያዘው ሰው ብቻ ነው። አፍ ካወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ አልራበኝም፣ አልጠማኝም፣ አልደከመኝም እያልኩ ኖሬ፣ ይኸው በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንደ ጡረተኛ ደክሞኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ግን ስለ ምግብ ልነግራችሁ አይደለም። ስለ ድሮን ነው።

ታላቅ ወንድሜ ገመቹ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት አለው። ሰርግ ይቀርጻል። ዱሮ ሰርግ የሚቀረጸው ከመሬት ነበር፤ ሙሽራው ይታያል፣ ሙሽሪት ትታያለች፣ በመሃል አንድ አጎት ለካሜራው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ አለቀ። በኋላ ግን እዚያው ከተማ ያለ ሌላ ፎቶ ቤት ድሮን አመጣና የሰው ዓይን ተበላሸ። አሁን የሙሽራ ቤተሰብ ገና ከመቀመጡ «ከላይ ታነሳላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ዳስ ከላይ ሲታይ ምን አለው? ሸራ ነው። ሰው ግን ሸራውንም ቢሆን ከሰማይ ማየት አማረው። ምስኪኑ ገመቹ ከሰው ላለማነስ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የጭነት መኪና ላይ ወጣ፣ በመጨረሻም ዛፍ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ ሲቀርጽ ቅርንጫፉ ተሰበረና ከነካሜራው በዳሱ ሸራ በኩል ሽማግሌዎቹ መሃል ወረደ። እስከ ዛሬ ከሠራቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ሰው ደጋግሞ የሚያየው ያንን ነው። ሥራ ግን አላመጣለትም።

ከዚያ የጉደሩ ሰርግ መጣ። ኦቦ ታደሰ የሚባሉ ጉደር ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ገመቹን አስጠርተው፣ ሰርጉ ከላይ ከተነሳ ሥራው የእሱ እንደሆነ፣ ካልተነሳ ግን ለዚያኛው ፎቶ ቤት እንደሚሰጡ ነገሩት። ይህን ሰርግ ካጣ ፎቶ ቤቱን መዝጋት እንዳለበት ገመቹ ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ማታ ማታ ራት ላይ ማንም ስለዚህ አያወራም፤ ግን ሁላችንም ቀስ ብለን ነበር የምናኝከው።

ዱባይ የምትኖረው አክስታችን ጫልቱ ይህን ስትሰማ አንድ ውሳኔ ወሰነች። ለገመቹ ድሮን ትገዛለታለች፤ እኔን ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለጨረስኩ ለጥቂት ቀን ትጋብዘኛለች። ድሮኑን ማን ያምጣው? እኔ ነኛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ሕገወጥ ሰዎች አይደለንም። ድሮን ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ እንደማይገባ ገመቹ ያውቃል። የጫማው ሶል እስኪያልቅ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ ፈቃዱን ከነማኅተሙ አውጥቷል። ዋናውን እሱ ጋ አስቀርቶ ኮፒውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። ጉምሩክ ላይ የምታስመዘግበው ዕቃ አለ ወይ ሲሉኝ «አዎ፣ ድሮን አለኝ» እልና ወረቀቱን እሰጣለሁ። በቃ።

ግን ወንድሜ ስለሚያውቀኝ ልምምድ ያስፈልግሃል አለኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ጉርድ ፎቶ በሚነሳበት ሰማያዊ መጋረጃ ፊት አቆመኝ። እሱ ጉምሩክ ሆነ። ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ የምታስመዘግበው ዕቃ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጫማውን እያየሁ «የለም» አልኩ። «ኧረ ተው፣ ካለህ ተናገር» አለኝ። «ምንም የለኝም» አልኩ። «በሞቴ!» አለ ገመቹ። «እሺ፣ አንዲት ድሮን አለችኝ» አልኩና ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ገመቹ በጣም ደስ አለው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ! ልክ እንደዚህ ነው የምታደርገው» አለኝ። እማዬም በር ላይ ቆማ ታይ ነበርና «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አመላለስህ እንዴት ያምራል!» ብላ ሳመችኝ። ሦስታችንም አምቦ ተወልደን አምቦ ያደግን ነን። አንዳችንም ምንም ስህተት አልታየንም።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ስሄድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ ዶሮ ነው ወይስ ፓስታ የምትፈልገው አለችኝ። «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳት። ፈገግ ብላ «እሺ» አለችና አለፈች። እሺ! እንዴት እሺ ይባላል? ጋሪውን አንገቴን አስግጌ እስከ መጨረሻው በዓይኔ ሸኘሁት። ሲመለስ ትደግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ሲመለስ ግን ባዶ ሳህን ነበር የሚሰበስበው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዶሮአቸውን ጨርሰው ዳቦአቸውን ቅቤ ሲቀቡ፣ እኔ በመስኮት ደመና አያለሁ። አስተዋይ ሰው ከዚህ ይማር ነበር። እኔ ግን ልጅቷ አስተዳደግ ይጎድላታል ብዬ ደመደምኩና ወደ እንቅልፌ ዞርኩ።

ስለ ዱባይ ብዙ የምለው የለኝም። ሙቀት ነው፣ መስታወት ነው። አክስቴ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ጋደም ትልና «እስቲ ስለ አምቦ አውራኝ» ትለኛለች፤ ማውራት ስጀምር ትተኛለች። ስትሸኘኝ ድሮኑን ከነካርቶኑ ሻንጣዬ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ እያስገባች «ይቺ ነገር ያንን ልጅ ከዛፍ ታውርድልኝ» አለች። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ቦሌ ስናርፍ ጠዋት ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው። መንገዱን ሁሉ «አዎ፣ ድሮን አለኝ፤ አዎ፣ ድሮን አለኝ» እያልኩ መጥቼ ከንፈሬ ደርቋል። ተራዬ ሲደርስ አንዲት መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ከእኔም በላይ የደከሙ የሚመስሉ ሴትዮ የምታስመዘግበው ዕቃ አለ ወይ አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

አልዋሸሁም እኮ! ጨዋ ሆኜ ነው። ጫማቸውን አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ ተረከዙ በአንድ ወገን አልቋል። ደግ ሰው ይመስላሉ ብዬ አሰብኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወረቀቱን እንደያዝኩ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ሁለተኛ ጥያቄ አልነበረም። ሴትዮዋ ሻንጣህን እዚህ አስቀምጥ አሉኝና ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞሩ።

ጥቁሩ የጎማ ምንጣፍ ሻንጣዬን እየጎተተ ወደ መፈተሻው ማሽን ሲወስደው ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ያልተጠየቀ ነገር እንዴት ይነገራል? ሰው ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ማንም ምንም ሳይላችሁ፣ በድንገት ተነስታችሁ «እኔ እኮ ምሳ አልበላሁም!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሻንጣዬ ገባ።

ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ወጣት ጎማውን አቆመው። ስክሪኑን ወደ ሴትዮዋ አዞረ። በካልሲዎቼና በሹራቤ መሃል አንድ ባለ አራት እግር ነገር ተኝቷል፤ ሸረሪት ይመስላል። ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ድሮን ነው አልኩ። «የለም አላልክም እንዴ?» አሉኝ። ብያለሁ አልኩ። «ታዲያ?» አሉ።

እውነቱን ከመናገር ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለጠየቁኝ ነው» አልኳቸው።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከፀጉራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉና በደንብ አዩኝ። «ስንት ጊዜ ልጠይቅህ ኖሯል?» አሉ። «ሁለት ሦስቴ ቢሆን…» አልኩ፣ ጫማቸውን እያየሁ። ወጣቱ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጠረጴዛው ስር ገባ። ጫማው ግን ክር አልነበረውም፤ ጫማ ላይ እኔን ማንም አያታልለኝም።

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት። ትክክለኛ ፈቃድ ነው አሉ። ከዚያ «ወረቀቱ ድሮን አለ ይላል፤ አንተ የለም ትላለህ። የቱን ልመን?» ብለው ጠየቁኝ። «ወረቀቱን» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጊዜ ተጠይቄ እውነቱን የመለስኩት ያኔ ነው። ግን ረፍዶ ነበር።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ውሃ ትጠጣለህ አሉኝ። «አይ፣ አልጠማኝም» አልኩ። ውሃውን መልሰው ሊያስቀምጡ ሲሉ ቆም አሉ፤ ተነፈሱ፤ ዞሩና «እሺ፣ ሁለተኛ ልጠይቅህ። ውሃ ትጠጣለህ?» አሉኝ። ጠርሙሱን ሳላጋምስ አላወረድኩትም።

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ዕቃ ይዞ የለኝም ያለ ሰው እንዲሁ አያልፍም። ድሮኑ መጋዘን ይቆያል፤ እኔ ለምን የለኝም እንዳልኩ በጽሑፍ አብራራለሁ፤ ባለቤቱ ዋናውን ፈቃድ ይዞ ይመጣል፤ ኃላፊው ያዩታል። ወይ በቅጣት ይለቀቃል፣ ወይ ይወረሳል። ይወረሳል የምትለዋን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላውን በደንብ አልሰማሁም። ሰርጉ የሚቀጥለው እሁድ ነው። እስክሪብቶ ሰጡኝና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ዕቃውን ያላስመዘገብኩት ለመደበቅ አስቤ ሳይሆን በሞቴ ስላልተባልኩ ነው።» ፈረምኩበት።

ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ ለወንድሜ እንዴት እንደምነግረው ሳሰላስል ሄድኩ። ሆለታ ላይ በለቅሶ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ፤ አዲስ ዓለም ላይ ተውኩት፤ ጊንጪ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። መናኸሪያው በር ላይ ገመቹ ቆሞ ነበር። ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው ያየው። ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለና «እኔ ነኝ እንደዚያ ያስለመድኩህ» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀና ብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ አየ። ከታች ወደ ላይ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ።

በማግስቱ ሁለታችን ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ፤ ተመለስን። ኦቦ ታደሰ ደውለው ነገሩ ደረሰ ወይ ብለው ጠየቁ። ገመቹ «መንገድ ላይ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ መንገድ ላይ የነበርነው እኛ ነን። ሰው መጥፎ ነገር ሠርቶ እንዲህ ቢንከራተት ደህና፤ እኔ ጨዋ ሆኜ ነው!

ዓርብ ስንሄድ እማዬ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ለልጄ ውሃ የሰጠችውን ሴት ባዶ እጄን አላያትም» ብላ፣ ሌማት ሙሉ ጩኮ በቅቤ አሽታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። ጩኮ ማለት የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ሲሆን፣ ከሩቅ ይሸታል። የሚኒባሱ ተሳፋሪ በሙሉ እስከ ቦሌ ዞር ዞር እያለ ያየን ነበር።

ሴትዮዋ ሲያዩኝ ወዲያው አስታወሱኝ። እማዬ ሌማቱን ዘረጋችላቸው። «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚህ ስጦታ አንቀበልም» አሉ። እማዬ ፈገግ አለች፤ ጨዋ ሴት ናት ማለቷ ነው። ትንሽ ጠጋ አደረገችላቸው። «አይሆንም እናቴ፣ ክልክል ነው» አሉ። እማዬ ይበልጥ ወደደቻቸው። «ማሎ! በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሺልኝ!» እያለች ጠረጴዛቸው ላይ ልታስቀምጠው ስትታገል፣ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ ጥበቃው መጣ። ምንድን ነው፣ ጉቦ ነው ወይ አለ። እማዬ እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። «ጉቦ? ጩኮ ጉቦ ነው? ለመሆኑ አንተ እናት የለህም?» አለችው። ገመቹ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደገፈ። እኔ የጥበቃውን ጫማ አየሁ። ትልቅ ነው።

ጩኸቱን ሰምተው ኃላፊው ከቢሮአቸው ወጡ። ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ የእኔን ማብራሪያ ሰጧቸው፣ ጣታቸውን ወደ ሌማቱ ቀስረው የሆነ ነገር ሹክ አሏቸው። ኃላፊው ማብራሪያውን አነበቡ፤ ሌማቱን አዩ፤ እማዬን አዩ። «ይህን ልጅ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት?» አሉ። እማዬ ኩራት እየተናነቃት «አዎን» አለች። «ያስታውቃል» አሉ። እማዬ እስከ ዛሬ ይህን እንደ ምስጋና ነው የምታወራው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅህ። ይህ ድሮን…» ሲሉ «አዎ!» አልኩ። ገና አልጨረስኩም አሉ። «አዎ!» አልኩ ደግሜ። ኃላፊው ግንባራቸውን አሹ። ዋናውን ፈቃድ ከኮፒው ጋር አስተያዩ፣ ፈረሙ። ገመቹ ቅጣቱን ከፈለ። ድሮኗ ወጣች። እማዬ ጩኮዋን መልሳ እየጠቀለለች ሴትዮዋን በሐዘን አየቻቸውና፣ በር ስንደርስ «አይ ምስኪን፣ በሞቴ በማይባልበት ቦታ እየሠራች እንዴት ትኖራለች!» አለች።

እሁድ ጉደር ላይ ድሮኗ ተነሳች። ሰው ሙሽሮቹን ትቶ ሰማይ ሰማዩን አየ። ገመቹ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ጣቶቹን ብቻ እያንቀሳቀሰ ሲቀርጽ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኦቦ ታደሰ ለሁለት ዘመዶቻቸው ሰርግ እዚያው ያዙት። ፎቶ ቤቱ ተረፈ።

እኔስ? እኔ ከሌሊት ጀምሮ ባትሪ ስሸከም ምንም አልቀመስኩም። ግን ተምሬያለሁ። ሰው አንድ ጊዜ ሲጠየቅ እውነቱን መመለስ አለበት። ዳሱ ሞልቶ ስለነበር ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ የሙሽሪት እናት አዴ ብርቄ ድስትና ጭልፋቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ በላህ?» አሉኝ።

«አልበላሁም» አልኩ። ሳህኔንም ዘረጋሁ።

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዴ ብርቄ ድስታቸውን አዩ፤ እኔም አየሁ። ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ለወግ ያህል ነው የጠየቁኝ። «በልቻለሁ» ማለት የነበረብኝ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ምስኪኗ ሴትዮ የልጃቸው ሰርግ ላይ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጥ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሮጡ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ሳህኔን እንደዘረጋሁ ቀረሁ፤ ድሮኗ ከራሴ በላይ ቆማ «ዝዝዝ» ትላለች።

ገመቹ ቪዲዮውን ለኦቦ ታደሰ ሲያሳያቸው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመና «ይህቺን ልቁረጣት?» አላቸው። ኦቦ ታደሰ ጨዋ ሰው ናቸው። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ልጅ አይደል? ትቆይ» አሉ። ይህ መልስ ቁረጣት ማለት እንደሆነ ከአምቦ እስከ ጌዶ የማያውቅ የለም። ገመቹ ግን ጉምሩክ ደርሶ የመጣ ሰው ነው፤ ሁለተኛ አልጠየቃቸውም።

አሁን ቪዲዮው ያልደረሰበት ስልክ የለም። የትም ስሄድ ሰው ያስቆመኛል። «አንተ ያ ሳህን የዘረጋኸው ልጅ አይደለህም?» ይሉኛል። አይደለሁም እላለሁ። «ኧረ ነህ!» ይላሉ። አይደለሁም እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «በሞቴ!» ይላሉ።

ያኔ ጉምሩክ ይናፍቀኛል።